አራተኛው ክር

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በካሳ አምባ ያሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ድምፁ የሴት ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይሳሳት፣ ጉንፋን የማይዘው። «አርባ ስምንት ዛሬ ይኮተኮታል» ይላል፤ ሰው መኮትኮቻውን ያነሣል። «አርባ ስምንት ዛሬ ያርፋል» ይላል፤ ሰው ያርፋል። ከቲሊሊ እስከ ዳንግላ ያለው ደጋ አንድ ቀን ይተክላል፣ አንድ ቀን ይኮተኩታል፣ አንድ ቀን ይቆፍራል። ሐምሌ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐምራዊ አበባ ይለብሳል፤ አንዲት ሥር እንኳ ቀድማ ወይ ዘግይታ አትገኝም። እንግዳ ሰው ያን ቀን ቢመጣ እጁን ባፉ ጭኖ ይቆማል። የአገሩ ሰው ግን ለምዶታል፤ ምን ያድርግ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየው ነገር ነው።

«አርባ ስምንት» የድንች ስም ነው። ስሙን ያገኘው በውስጡ ከተጠመጠሙት አርባ ስምንት የውርስ ክሮች ነው፤ አሥራ ሁለት ቤተሰብ፣ በየቤተሰቡ አራት አራት ክር። አራቱ ክሮች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ካንዱ ሳያምታቱ አንብቦ መጨረስ የስንቱን ሰው ዕድሜ እንደ በላ መቼስ ይወራል። አንድ ጊዜ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ግን ሌላ ድንች መትከል ቀረ። የትኛው ክር ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው የእሱ ብቻ ነው፤ ያልተነበበ ድንች በጓሮም ቢሆን ይነቀላል። ሕግ ነው።

ይታይሽ የዚህ ሕግ እግር ናት። የቀበሌው ቅጠል ሰብሳቢ ሆና ሃያ ዓመት ሠርታለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ከደጃፍ ደጃፍ ትሄዳለች፤ ከየማሳው አንድ ቅጠል ቀጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ትጥላለች፤ ሳጥኑ ትንሽ አጉረምርሞ «ታውቋል» ይላል። በቀን ሦስት መቶ ጊዜ «ታውቋል»። ይታይሽ ሳቂታ ሴት ናት፤ ሰው «እንዴት አደርሽ» ሲላት «ታውቋል» ብላ የምትመልስበት ጊዜ አለ።

አበባው ሲረግፍ ደግሞ የፍሬ ለቀማ ቀን ይመጣል። ድንች ከሥሩ ሌላ ከላዩም ያፈራል፤ ያልበሰለ ቲማቲም የመሰለች ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ። በዚያች ፍሬ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዘር ቢበቅል ክሮቹን እንደ አዲስ በውዞ የሚወጣ፣ ማንም ያላነበበው ድንች ነው። ስለዚህ መንደሩ በደቦ ወጥቶ ይለቅማል፣ አንድ ላይ ይቆልላል፣ ያቃጥላል። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይጨፍራሉ። ደስ የሚል ቀን ነው።

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን፣ ምች ገባ። እዚህ ምች የሚሉት ቅጠሉን እሳት እንደ ላሰው የሚያጠቁረውን በሽታ ነው። ድሮም ነበረ ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ የአንዱ ሰው ድንች ሲሞት የጎረቤቱ ይተርፍ ነበር ይላሉ። አሁን ግን ድንቹ ሁሉ አንድ ስለሆነ አንዱን ያወቀ ምች ሁሉንም አወቀ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከቲሊሊ እስከ ዳንግላ ጠቆረ። ሽታው ሰው ቤት ድረስ ገባ። በስልክ ያለችው ሴትዮ ሦስት ቀን ሙሉ ለጠቆረው ማሳ «አርባ ስምንት ዛሬ ይኮተኮታል» ስትል ቆየች፤ በአራተኛው ቀን «ጠብቁ» አለች። በሳምንቱ ደግሞ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ምቹን የሚችል የተነበበ ድንች እስከ መስከረም ካልተገኘ የደጋው ቀበሌዎች እንደሚነሡና ሰዉ ወደ ቆላ እንደሚወርድ ተናገረች። ለካሳ አምባ የተመደቡት የጭነት መኪኖች ሃያ ስድስት ነበሩ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ይታይሽ የዝናብ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ዞረች። ከአጥሩ ሥር አፉ የተሰበረ ጋን አለ፤ የእህቷ የደብሬ ጋን። ከጥር ወዲህ ቀርባው አታውቅም፤ ደብሬን ስለሚያስታውሳት ዓይኗን ዞር አድርጋ ነው የምታልፈው፤ የወረሰው አረም ይመስላት ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኗ ያዘው። በጥቁር ማሳ መካከል አረንጓዴ ነገር ካየች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ጠጋ አለች። ድንች ነው። ቅጠሉን ገለበጠችው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም። ከጎኑ፣ ከክንድ በማይርቅ ቦታ፣ የራሷ አርባ ስምንት ከሥሩ በስብሶ ተኝቷል። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ጋኑ እንዴት እዚያ እንደ ተቀመጠ ለመናገር ስለ ደብሬ መናገር ያስፈልጋል።

ይታይሽና ደብሬ መንታ ናቸው። እናታቸው እንኳ ስታጠባቸው ካንዷ እግር ላይ ክር አስራ ነበር የምትለያቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ስም መጥራት ቀረና ሰው በመልኩ ይመዘገብ ጀመር። ይታይሽ ቀድማ ገባች፤ ተመዘገበች። ደብሬ ተከትላ ገባች፤ መዝገቡ «ተደጋጋሚ» ብሎ ሰረዛት። አቤት አሉ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይመዘገብም የሚል መልስ መጣ። እንደገና አቤት አሉ፤ ያው መልስ መጣ። ያልተመዘገበ ሰው መሬት የለውም፣ ሥራ የለውም፤ የቀለብ በር ላይ ተሰልፎ ተራው ቢደርስም በሩ «ወስደሻል» ብሎ ይመልሰዋል።

በመጨረሻ ዘዴ አገኙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ባንድ ጊዜ በሩ ፊት ሲቆሙ፣ በሩ ለአፍታ ያመነታና «ሁለት» ይላል። የሁለት ሰው ቀለብ ይሰጣል። እነሱ ወጥተው እጃቸውን ሲላቀቁ እሱም ይረሳዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በየወሩ እንዲህ አደረጉ። ኋላ የመንደሩ መንታ ሁሉ ከእነሱ ተማረ፤ ዛሬ በካሳ አምባ መንታ የወለደች እናት ልጆቿ መራመድ ሲጀምሩ መጀመሪያ የምታስተምራቸው በር ፊት እጅ ለእጅ ተያይዞ መቆምን ነው።

ደብሬ አፏ ስለት ነበር። ወጥ አማስዪ ስትባል «እኔ እኮ የለሁም፤ የሌለ ሰው ወጥ አያማስልም» ትላለች። እንጨት ፍለጪ ስትባል «የሌለ ሰው እንጨት አይፈልጥም» ትላለች። ይታይሽም እየሳቀች ራሷ ትፈልጣለች። ባለፈው ዓመት የፍሬ ለቀማ ቀን ደግሞ ጥቂት ፍሬ በኪሷ ይዛ ተመለሰች። ይታይሽ ስትቆጣት «የሌለ ሰው ኪስ አይፈተሽም» አለቻት። ያንን ነው በጋኑ የዘራችው፤ ዘሩም ዝናብ እስኪመጣ በአፈሩ ቆየ። በጥር ሳንባዋን አሟት በአራት ቀን ሞተች። ይታይሽ ሞቷን ልታስመዘግብ ቀበሌ ስትሄድ መዝገቡ ፊቷን አየና «ይታይሽ በሕይወት አለች» አላት። ሌላ ነገር አላለም። ደብሬ ያለ ወረቀት ተቀበረች። በመዝገቡ አልሞተችም፤ ድሮም አልኖረችም።

እንግዲህ ያን ሰኞ ይታይሽ ጭቃው ላይ ተቀምጣ አሰበች። ድንቿን ደብቃ ብትይዛት ለእሷ አንድ ድስት ናት። ተራራው ላይ እንድትተከል ግን መነበብ አለባት። እንድትነበብ ደግሞ ለሕግ መታየት አለባት፤ ሕግ ደግሞ መንቀል ይወዳል። ቢሆንም ማክሰኞ ማለዳ አንድ ቅጠል ቀጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ጣለች። ሳጥኑ አጉረመረመ፤ ቆየ፤ በሃያ ዓመት ሰምታው የማታውቀውን ቃል ተናገረ። «አልታወቀም። ወደ ንባብ አዳራሽ ተልኳል።»

መልሱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በስልኳ መጣ። «አርባ ሰባት። ጎዶሎ። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይነቀላል።»

ረቡዕ ጠዋት ይታይሽ እንጅባራ ሄደች።

የንባብ አዳራሹን ከውጭ ሲያዩት የእህል መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ሃያ የሚሆኑ አንባቢዎች በየወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዳቸው ፊት ሁለት ቁልፍ አለ፣ «ይሁን» እና «አይሁን» የሚሉ። የሚያነበው መሣሪያው ነው። ሰው እዚያ የተቀመጠው በመጨረሻ «ይሁን» እንዲል ነው። የ«ይሁን» ቁልፎች ጽሑፋቸው በጣት ብዛት ተፍቋል፤ «አይሁን» የሚለው ግን ትናንት የተገዛ ይመስላል።

የይታይሽን ድንች የያዙት ጋሽ ስማቸው ነበሩ፤ የስድሳ አራት ዓመት ሰው፣ በመስከረም ጡረታ የሚወጡ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ። የገጠር ሰው አዳራሹ ድረስ መምጣቱ ገርሟቸው ወንበር ሰጧት።

«እህቴ፣ አዝናለሁ» አሉ። «ግን ክር የጎደለው ተክል በሽተኛ ነው። ዛሬ ቢያምር ነገ ይሞታል።»

«ያገሩ ድንች አልቆ እሷ ቆማለች» አለች ይታይሽ። «በሽተኛው ማን እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ። የጎደለውን ያሳዩኝና ልሂድ።»

ጋሽ ስማቸው ትንሽ አመነቱና መብራቱን አጠፉ።

ግድግዳው በራ። ከጣሪያ እስከ ወለል ክር ወረደ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አራት አራት እየሆነ ከዚያኛው ጥግ እስከዚህኛው ጥግ ሞላ። ይታይሽ ተነሥታ ጠጋ ስትል ክሩ ክር አልነበረም፤ ፊደል ነው። ከነጥብ ያነሰ ፊደል፣ ተያይዞ፣ ተያይዞ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ። እጇን ስትዘረጋ ፊደሉ መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ ሁሉ በዚያች ቅጠል ውስጥ ነው?» አለች።

«ቅጠሏ ብዙ ናት» አሉ ጋሽ ስማቸው። «ይህ ዓይን በማያያት ባንዲት ቅንጣቷ ውስጥ ያለው ነው። እሱም ሁሉ እንዳይመስልዎ፤ ግድግዳው የሚችለው ከሺህ አንዱን ነው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስትቀጥፍ እንደ ኖረች ይታይሽ ያን ጊዜ ገባት። በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ይህንን በሁለት ጣቷ በጥሳ ሳጥን ውስጥ ጥላለች። አንዲት ቅጠል ይህን ሁሉ ተሸክማ፣ ዝናብ እየመታት፣ አንድ ቃል ሳትናገር ትቆማለች። ደብሬም ይህን ሁሉ ነው በኪሷ ይዛ የመጣችው። ጋሽ ስማቸው በየቀኑ ያዩት የነበረ ቢሆንም ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አሥራ አንደኛው ቤተሰብ ይኸውና» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። ቀይ አለ። ቢጫ አለ። አረንጓዴ አለ። የአራተኛው ቦታ ባዶ ነው።

ይታይሽ ባዶውን ቦታ ብዙ አየችው። «መሣሪያው አንዱን ክር ካንዱ የሚለየው በምንድን ነው?» አለች።

«በልዩነታቸው ነዋ። እዚህ ጋ አንዱ አንድ ፊደል ያጎድላል፣ እዚያ ጋ ሌላው ይጨምራል።»

«ልዩነት የሌላቸው ከሆኑስ? አንዱን ካየ በኋላ ሌላውን ‹ወስደሻል› ብሎ ይመልሰዋል?»

«‹ወስደሻል› ማለት ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ስማቸው። ይታይሽ ያኔ ስለ ደብሬ ነገረቻቸው፤ ስለ መዝገቡ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ኪሷ፣ ስለ ጋኑ። ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ ነው የሰሟት።

«ፍሬው አርባ ስምንት በራሱ አበባ የቋጠረው ከሆነ» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ያው አንዱ ክር በእናትም በአባትም በኩል ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። ይችላል እኮ። መሣሪያው ደግሞ ተደጋጋሚ ነው ብሎ አንዱ ላይ ይደርበዋል።»

«እንግዲያው ‹አይሁን› ይበሉት።»

«በግምት አይባልም። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ብዬው አላውቅም።» ባዶውን ቦታ እያዩ ቆዩ። «በሩን እንዴት ነበር ሁለት ያሰኛችሁት?»

«አብረን ቆመን። እጅ ለእጅ ይዘን።»

ጋሽ ስማቸው ቀና አሉ። «አበባ አላት?»

«እንቡጥ አላት። አልፈካም።»

«እኛ ወጣት ሳለን፣ መሣሪያው እንዲህ ሳይሠለጥን፣ የምናደርገው ነገር ነበር» አሉ። «የድንች አበባ ብናኝ ከየቤተሰቡ ሁለት ሁለት ክር ይዞ ነው የሚወጣው። አንድ ብቻ የያዘ ይጨማደድና ይሞታል። አሁን አረንጓዴ ብቻ የያዘ፣ ግን ሕያው የሆነ ብናኝ ብናገኝ ምን ማለት ነው?»

«አረንጓዴው ሁለት ነው ማለት ነው።»

«እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ስማቸው። «የፈካ አበባ ያምጡልኝ። ከመነቀሏ በፊት ግን፤ የተነቀለ ተክል ጉዳዩ ይዘጋል፣ አይከፈትም።»

ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ዘነበ። ይታይሽ ጋኑ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ቆመች። እንቡጦቹ አራት ናቸው፤ አራቱም አፋቸውን እንደ ዘጉ ናቸው። እሷ ግን ከራሷ እስከ እግሯ ራሰች። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንማው በዳማ ፈረሱ መጣ፤ እንደ ይታይሽ ሳጥን የሚናገረውን የቀበሌውን አካፋ ከኮርቻው ጎን አንጠልጥሏል። አንማው የቀበሌው ነቃይ ነው፤ ቤቱም ካጥሯ ቀጥሎ ነው፤ የደብሬን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

«እትዬ ይታይሽ፣ እኔ ምን ላርግ» አለ ከፈረሱ ሳይወርድ። «ታዝዤ ነው።»

«አልፈካችም» አለች ዞር ሳትል።

ወረደና መጣ። ቅጠሉን አየ፣ ገለበጠው፣ መልሶ አየው። ከራሱ ማሳ ሁለት ሄክታር ጥቁር ገለባ ነው የቀረው። ቆቡን አወለቀ። ይታይሽ ጋሽ ስማቸው ያሉትን አንድ በአንድ ነገረችው። ሰምቶ ሳይጨርስ አካፋው «ቆፍር» አለ፤ አራት ሰዓት ሆኗል።

አንማው አካፋውን አየ፣ ድንቿን አየ። ከዚያ ከጋኑ ሁለት ክንድ ርቆ መቆፈር ጀመረ። «አካፋው የሚያውቀው መሬት መግባቱን ነው፤ የት ብሎ አይጠይቅም» አለ እያለከለከ። «ግን እስከ ስምንት ሰዓት የተነቀለውን ላሳየው ይገባል። ካላሳየሁት ሌላ ሰው ይልካሉ፤ ሌላው ሰው ደብሬን አያውቃትም።»

በጋኑ ዙሪያ ቦይ ያወጣላት ጀመር። ውኃው ከጋኑ ሥር ሸሽቶ ሄደ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ አባራና ትንሽ ፀሐይ ወጣ። ይታይሽ ጃንጥላውን አጠፈች። አንዷ እንቡጥ ጫፏ ሰነጠቅ አለ፤ ቆየች፤ ሌላ ትንሽ ተከፈተች። ሐምራዊ ሲጠብቁ ነጭ ሆና ወጣች፤ ወተት የመሰለች፣ መሐሏ ቢጫ። በዚያ አገር ነጭ የድንች አበባ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። አንማው ራሱን ያዘ። ይታይሽ መቁረጫዋን አነሣች፤ አበባዋን ቆርጣ ሳጥኑ ውስጥ አኖረች።

«ዳማውን ይውሰዱት» አለ አንማው። «መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይወጣውም።»

አዳራሹ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ጋሽ ስማቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አበባዋን ተቀብለው በብርጭቆ ላይ አራገፏት፤ አንድ ጠብታ ስኳር ውኃ አደረጉበት። ሕያው ብናኝ ስኳር ሲቀምስ ጭራ ያወጣል፤ የሞተ እንደ ተኮማተረ ይቀራል። መብራቱ ጠፋ።

ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ብርሃን ተበተነ፤ እያንዳንዱ አንድ ብናኝ ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የአሥራ አንደኛው ቤተሰብ ክሮች ይታያሉ። ቀይና ቢጫ። ቢጫና አረንጓዴ። ቀይና አረንጓዴ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ከጨለማው ይወጣሉ፤ መሣሪያው «ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ» ይላል። ያም ጭራውን ያወጣል፣ ያም ያወጣል፤ ግድግዳው በብርሃን ጭራ ተሞላ። ሌሎቹ አንባቢዎች ሥራቸውን ትተው አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ። ብዙዎቹ ወጣት ናቸው፤ ብናኝ ሲነበብ አይተው አያውቁም። ሰባት ሰዓት ሆነ። ቀይና አረንጓዴ። ቢጫና አረንጓዴ። ይታይሽ ጣቶቿን እርስ በርስ አቆላልፋ ያዘች።

አንድ ክብ መጣ። አረንጓዴ ብቻ ነው።

«ጎዶሎ» አለ መሣሪያው።

ክቡ ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያ ካንድ ጎኑ አበጠና ጭራውን አወጣ፤ ረጅም፣ ከሌሎቹ ሁሉ የማያንስ ጭራ።

«ጎዶሎ» አለ መሣሪያው እንደገና። ሌላ አረንጓዴ ብቻ መጣ፤ እሱም ጭራ አወጣ። ሌላም። ጋሽ ስማቸው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ከስድስት አንዱ እንዲህ ነው፤ ሁለት አረንጓዴ ካለ መሆን ያለበትም ልክ ያ ነው። የእሳቸውም እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«አብረው ቆመዋል» አለች ይታይሽ በቀስታ።

ጋሽ ስማቸው ወደ ወንበራቸው ሄዱና «አይሁን» የሚለውን ተጫኑት። ቁልፉ ከመክረሙ የተነሣ ሁለት ጊዜ መጫን ነበረባቸው። መሣሪያው «ምክንያት?» ሲል «መንታ ናቸው» ብለው ጻፉ። ወዲያው ያ ባዶ ቦታ በአረንጓዴ ሞላ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ፊደል በፊደል፣ ከጎኑ ካለው ሳይለይ። «አርባ ስምንት» አለ መሣሪያው። «ንባቡ ተጠናቋል። የመንቀል ትዕዛዙ ተሽሯል።» ለስምንት አሥራ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። አንማው በስልክ ሲነገረው «እሺ፣ ቦዩን ልጨርስላት» አለ።

ከዚያ ጋሽ ስማቸው ግድግዳውን ደግመው ሲያዩት ቆዩና ይታይሽን ጠሯት። «ይህ አረንጓዴ ክር በወላጇ በአርባ ስምንትም ውስጥ አለ» አሉ። «ምቹን የሚመልሰው እሱ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ እናውቀዋለን። ግን እዚያ ነጠላ ነው፤ ይህኛውን ምች ብቻውን አልቻለውም። እዚህ ሁለት ሲሆን ቻለው።»

ይታይሽ እጇን ባፏ ጫነች። «ታዲያ ያዳናት ያ ተደጋጋሚ ያላችሁት ነው?» አለች።

«እሱ ነው» አሉ ጋሽ ስማቸው።

አንድ ነገር ቀረ። መዝገቡ ለአዲሱ ድንች ስም ጠየቀ፤ ሕጉ ስሙን የሚሰጠው የተገኘበት ግቢ ባለቤት ነው ይላል። ጋሽ ስማቸው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ይታይሽ በቀሚሷ ጫፍ እጇን ጠርጋ «ደብሬ» ብላ ጻፈች። መዝገቡ ፈለገ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሚያህል ቆየ መሰላት።

«በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» አለ። «ይመዝገብ?»

ጽሑፉ የተፋቀውን ቁልፍ ተጫነችው።

ሃያ ስድስቱ መኪኖች በመስከረም ባዶአቸውን ተመለሱ። ክረምቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ እስኪያልፍ ደጋው በቆላ እህል ኖረ፤ የጋኗ ልጆችም በአዳራሹ ብርጭቆዎች፣ ኋላም በየችግኝ መደቡ ተባዙ። የፍሬ ማቃጠሉም ቀረ፤ አሁን በየቤቱ ጓሮ አንዳንድ ጋን አለ፣ ምን እንደሚወጣው ማንም አያውቅም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የይታይሽ ሳጥን «አልታወቀም፣ አልታወቀም» እያለ ይውላል። መልክ የሚመዘግቡትም አንድ ቀን ወደ አዳራሹ ሰው ልከው ስለ ብናኙ ጠይቀው ሄዱ ይባላል፤ እስካሁን ያደረጉት ነገር ግን አልተሰማም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ በካሳ አምባ ያሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ድምፅ ተናገሩ።

«ደብሬ ዛሬ ትተከላለች።»

ከየቤቱ በር ሲከፈት ተሰማ። ይታይሽ ከጓሮዋ እንጨት ስትፈልጥ ነበር። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክላ ወደ ስልኳ ዞረች፤ ሴትዮዋ ደግማ እስክትናገር ጠበቀች። ደገመች። ከቲሊሊ እስከ ዳንግላ ያ ስም በየተራራው ይሰማ ነበር።

«በይ እንግዲህ» አለች ይታይሽ፣ እንባዋም ሳቋም ባንድ ላይ መጥቶባት። «አለሽ ተብሏል። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ አታመልጪም።»